ለጤና ቢሮ ኃላፊዎች፦ ክፍሉ ይከፈት፣ ፖዘቲቭ የተባሉት ሴቶች ይጠሩ

ለጤና ቢሮ ኃላፊዎች እና የእናቶች ጤና ዕቅድ ለምታወጡ ባለሙያዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኛ በማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ክፍል ስንሠራ የነበርን ነርሶችና አዋላጆች ነን። "የነበርን" ያልነው ክፍሉ አሁን ስለሌለ ነው። "ተመርማሪው ትንሽ፣ ወጪው ብዙ" ብላችሁ ዘጋችሁት። ከእንግዲህ ምርመራው በዓመት አንዴ በዘመቻ ይሰጣል ተባለ። ክፍሉ መጋዘን ሆነ። እኛም በየፊናችን ተመደብን። ቅሬታችንን በደብዳቤ አቅርበናል፤ በስብሰባም አንስተናል። "ይታያል" ከመባል በቀር የመጣ ነገር የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ለመጻፍ ወሰንን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ዘመቻን አንጠላም። ድንኳን ተተክሎ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ሴቶች ግር ብለው ሲመጡ ደስ ይለናል። ዘመቻ ባይኖር ኖሮ ስለዚህ ምርመራ ጭራሽ የማይሰሙ ብዙ ናቸው። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ፖዘቲቭ የተባለችው፣ ማለትም በምርመራው ችግር የታየባት ሴት የት ትሂድ?

በሽታውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ይሁን እንጂ ደብዳቤውን ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ጠባዩን በአጭሩ እናስታውስ። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚነሳው ኤች ፒ ቪ ከሚባል ቫይረስ ነው። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ግንኙነት የጀመረ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አብዛኛው በዕድሜው አንድ ቀን ያገኘዋል። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። ጣጣው የሚመጣው ሳይጠፋ ሲቀር ነው። በተለይ 16 እና 18 የሚባሉት ዝርያዎች ክፉ ናቸው። ከ10 የማህፀን በር ካንሰሮች 7ቱን የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ቫይረሱ የማህፀን በርን ሴሎች ቀስ እያለ ይለውጣል። የሰውነት መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት ላይ ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል።

ሃያ ዓመት! ይህን ያህል ፋታ የሚሰጥ ገዳይ በሽታ ብዙ የለም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ለውጡ ታይቶ ከተወገደ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እንዲያም ሆኖ በ2022 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል) በዓለም ላይ ወደ 660 ሺህ ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል። ወደ 350 ሺህ የሚሆኑት ደግሞ ሞተዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ቅሬታችን።

የመጀመሪያውና ትልቁ ይህ ነው፦ ምርመራው አለ፣ ሕክምናው የለም።

ቪ አይ ኤ የምንለው ምርመራ ቀላል ነው። የማህፀን በሩ ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ይቀባል። አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ላብራቶሪ አይፈልግም፤ ውጤቱ እዚያው ነው። ትልቁ ጥቅሙም ሴትየዋ ከአልጋው ሳትወርድ መታከም መቻሏ ነው። ነጩ ቦታ ትንሽና ዙሪያው በሙሉ የሚታይ ከሆነ በክራዮቴራፒ ይቀዘቅዛል፣ ወይም በተርማል አብሌሽን ይተኮሳል። ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ ውስጥ ከዘለቀ ሊፕ (የተለወጠውን ክፍል በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ ቆርጦ ማውጣት) ወደሚሠራበት ሆስፒታል ትላካለች። ካንሰር ከተጠረጠረ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ለፓቶሎጂ ይላካል።

በመጨረሻው ዘመቻ ላይ ከዚህ ሁሉ የነበረው አሲዱ ብቻ ነው። የክራዮው ጋዝ አልቋል። እንዲሞላ ቀደም ብለን ጠይቀን ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልን። ናሙና መውሰጃም አልመጣም። ፖዘቲቭ የሆኑትን "ስልካችሁን ተዉልን፣ እንደውላለን" በሏቸው ተባለ።

አንዷ የአራት ልጆች እናት ናት። የራሷ ስልክ ስላልነበራት የጎረቤቷን ቁጥር ሰጠች። ጎረቤቷ ቤት ለቀቀች፣ ስልኩም አልሠራ አለ። ሴትየዋ የውሃ ሽታ ሆነች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወገቧን ይዛ፣ ደም እየፈሰሳት መጣች። "ሲስተር፣ ትደውላላችሁ ብዬ እኮ ስጠብቅ ነበር" አለች። አሁን የጨረር ሕክምና ወረፋ ይዛለች። ምናልባት በዘመቻው ቀን ካንሰሩ ጀምሯት ነበር ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚያ እንጠረጥራለን። ይሄ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ያን ዕለት ናሙና ቢወሰድላት ኖሮ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር።

ሌላዋ ወጣት ናት። ሰፊ ለውጥ ስለታየባት ሪፈር ተጻፈላት። ሆስፒታል ስትሄድ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባለች። ተመልሳ ስትሄድ ማሽኑ ተሠርቶ ሐኪሙ ሥልጠና ላይ ነው። እንደገና ስትሄድ ሪፈሩ ጊዜው አልፎበታል፣ አዲስ አምጪ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት። ከሥራዋ እየቀረች ስንት ጊዜ ትመላለስ? ተወችው። ለነገሩ ምንም አያማትም። ቅድመ ካንሰር አያምም። የማያመውን ሰው ሕክምና እንዲያሳድድ መጠበቅ ከባድ ነው።

ሪፖርቱ ግን አማረ። የተመርማሪው ቁጥር ከዕቅዱ በላይ ሆነ። ፎቶ ተለጠፈ፣ የምስጋና ወረቀት ተሰጠ። በቅጹ ላይ "ፖዘቲቭ የሆነች" የሚል ዓምድ አለ። ከጎኑ "የታከመች" የሚልም አለ። ይኸኛው ባዶውን ሄደ። "ለምን ባዶ ሆነ?" ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው የለም።

በስብሰባ ሁሉ የምትጠቅሱት የዓለም ጤና ድርጅት ዕቅድ አለ። በ2020 ይፋ የሆነው፣ እስከ 2030 ድረስ ይደረስበታል የተባለው 90-70-90። ከልጃገረዶች 90 በመቶው 15 ዓመት ሳይሞላቸው ይከተቡ። ከሴቶች 70 በመቶው እስከ 35 ዓመታቸው አንዴ፣ እስከ 45 ደግሞ ሌላ ጊዜ በአስተማማኝ ዘዴ ይመርመሩ። በሽታው ከተገኘባቸው 90 በመቶው ይታከሙ። የናንተ ስላይድ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ያቆማል። ሦስተኛው ቁጥር ከሌለ ለምርመራ የሚመጡትን ሴቶች ምን ብለን ነው ልብስ አውልቁ የምንላቸው? ሴት ልጅ ተዘርግታ መታየት ቀላል ነገር አይደለም። አፍራ፣ ፈርታ፣ ባሏን አስፈቅዳ ወይም ደብቃ ነው የምትመጣው። "አለብሽ" ብሎ ባዶ እጅ መሸኘት ካለመመርመር የባሰ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉን። በዚህ ላይ እርስ በርስ ባንስማማም የሚሉት ይገባናል።

በዚያው በቁጥር ነገር ሳለን፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችም በቪ አይ ኤ ታይተው "ነጻ" ተብለዋል። ከማረጥ በኋላ ለውጡ የሚነሳበት የማህፀን በር ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ይህ ምርመራ ለነሱ አያስተማምንም። ለነሱ የሚሻለው የኤች ፒ ቪ ምርመራ ነው። ይህን በዘመቻው ዋዜማ ተናግረናል። "ቁጥር ይጎድላል" ተባልን።

ሁለተኛው ቅሬታችን የኤች ፒ ቪ ምርመራን ውጤት ይመለከታል። ምርመራው ራሱ በጣም ጥሩ ነው። ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ መውሰድ ትችላለች። መጋረጃ ጀርባ ትሄዳለች፣ ለስላሳ መጥረጊያውን ወደ ውስጥ አስገብታ ታዞራለች፣ አለቀ። ስፔኩለም (የማህፀን በሩን ለማየት ወደ ውስጥ የሚገባው መሣሪያ) የለ፣ የሚያያት ሰው የለ። ለዓመታት "አፍራለሁ" እያሉ የሸሹን ሴቶች ይህን ሲሰሙ መጥተዋል። ውጤቱ ነጻ ከሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያሳርፋታል። ይህን ዘዴ ለሙከራ አምጥታችሁ ናሙናዎቹን ሰበሰባችሁ። ከዚያስ? ላብራቶሪው የመመርመሪያ ኪት አለቀበት። የአንዳንዶቹ ውጤት ጨርሶ አልመጣም። የመጣውም ከፊሉ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የካርድ ቁጥሩ በትክክል አልተጻፈም። ሴቶቹ ግን ደህና የሆኑ መስሏቸዋል። "ቢኖርብኝ ይነግሩኝ ነበር" ነው የሚሉት። ዝምታችንን እንደ ነጻ ውጤት ቆጥረውታል።

ሦስተኛው በጣም የሚያናድደን ነው፤ ለማስተካከል ይህን ያህል ቀላል ነገር የለምና። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች 6 እጥፍ ነው። መድኃኒት ካልጀመሩ ደግሞ ያ የ20 ዓመት ፋታ ወደ 5 እና 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ለነሱ ምርመራው በ30 ሳይሆን በ25 ዓመት ይጀምራል፤ በየ3 እስከ 5 ዓመቱም ይደገማል። እነዚህ ሴቶች የት ናቸው? እኛው ጋ! መድኃኒታቸውን ለመውሰድ በቀጠሯቸው ይመጣሉ። ካርዳቸው አለ፣ ስልካቸው አለ፣ የሚከታተላቸው ሰው አለ። የድሮው ክፍላችን ከመድኃኒት መስጫቸው አጠገብ ነበር። መድኃኒቷን ይዛ ስትወጣ "ነይ እህቴ፣ አንዴ እንይሽ" እንላት ነበር። አሁን "ዘመቻ ጠብቂ" ነው የምትባለው። ዘመቻ ላይ በሕዝብ መሃል ተሰልፋ "ቫይረሱ አለብኝ፣ ቅድሚያ ስጡኝ" እንድትል ነው የምትጠብቁት?

ስለ ምክር አገልግሎቱም እናንሳ። በዘመቻ ላይ አንዲት ነርስ ለአንዲት ሴት ያላት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። አንዷ ውጤቷ ፖዘቲቭ እንደሆነ በሰልፉ መሃል፣ ሰው እየሰማ ተነገራት። "በግንኙነት የሚመጣ ቫይረስ ነው" ከሚል በቀር ማብራሪያ አላገኘችም። ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። "ከማን አመጣሽው?" ተባለች። ሽማግሌ እስከ መቀመጥ ደረሰ። ባልና ሚስቱን አስጠርተን ያስረዳናቸው በኋላ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል። ማን ለማን እንዳስተላለፈው፣ መቼ እንደመጣ አይታወቅም። ፖዘቲቭ መሆን ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ የመማገጥ ማስረጃም አይደለም። ይህን ለማስረዳት በር ያለው ክፍልና የተወሰነ ደቂቃ ይበቃል። ሁለቱም ነበሩን።

ክትባቱ የኛ ክፍል ሥራ አይደለም። ግን የምናያቸው እናቶች ሴት ልጆች ስላሏቸው እኛኑ ነው የሚጠይቁን። በክትባቱ ውጤት ላይ ብዙ ማስረጃ አለ። በስዊድን በ2020 በወጣ ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡት ላይ በሽታው በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱን በሙሉ ከወሰዱት መካከል አንዲትም የማህፀን በር ካንሰር ታማሚ እንዳልተገኘ በ2024 ተነግሯል። ከ2022 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች አንድ ዶዝም ሊበቃ ይችላል ብሏል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማሳደድ የሚለው ሰበብም ቀርቷል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ክትባቱ የሚሰጠው በትምህርት ቤት ብቻ ነው። ትምህርት ያቋረጠችው፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው፣ ታናናሾቿን ለማሳደግ ቤት የቀረችው አይደርሳትም። እነዚህ ደግሞ በኋላ ለምርመራ የመምጣት ዕድላቸውም ከሁሉ ያነሰ ነው። አንዲት እናት ሦስት ሴት ልጆች አሏት፤ ተማሪዋ ተከተበች፣ ሥራ የገባችው ቀረች። "እሷስ?" ስትል የሚመልስላት አጣች። ሩዋንዳ በ2011 ክትባቱን ስትጀምር በትምህርት ቤት ሰጥታ፣ ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉትን ደግሞ በጤና ሠራተኞች አማካይነት በየመንደሩ አስፈልጋ ነው ከ90 በመቶ በላይ ያደረሰችው። ስለዚህ የማይቻል ነገር አልጠየቅንም።

የወሬውንም ነገር አትናቁት። "መካን ያደርጋል" የሚለው ወሬ በየቤቱ ይዞራል። ክትባቱ መካን አያደርግም። ወላጆች ግን ይህን የሚሰሙት ከማን ነው? ወረቀቱ ልጆቹ ቦርሳ ውስጥ ተከትቶ የተላከው ክትባቱ ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። አብራርቶ የሚነግራቸው የለም። ጃፓን ምን እንደገጠማት ታውቃላችሁ። በ2013 የጎንዮሽ ጉዳት አለው የሚል ስጋት ሲናፈስ መንግሥት ክትባቱን ማበረታታቱን አቆመ። 70 በመቶ ገደማ የነበረው ተከታቢ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ማበረታታቱ እንደገና የተጀመረው በ2022 ነው። ሀብትም ሐኪምም ያልጎደለው አገር ነው እንግዲህ። አንዴ የጠፋ እምነት እንዲህ ነው የሚያስከፍለው።

በነገራችን ላይ ከመካከላችሁ አንዱ በስብሰባ ላይ "ክትባቱ ስላለ ምርመራው ቀስ በቀስ ይቀራል" ብለዋል። ትክክል አይደለም። ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወጣም፤ ሁሉንም ዝርያም አይከላከልም። የተከተበችውም ዕድሜዋ ሲደርስ ትመረመራለች። ዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት የሆናቸው ሴቶች ደግሞ ክትባቱ ሲመጣ ዕድሜያቸው አልፏል። ለነሱ ያለው ምርመራው ነው።

ስለ ራሳችን ብዙ አንልም። ለዚህ ሥራ ሠልጥነናል። ዓይን ለቪ አይ ኤ የሚለምደው በማየት ብዛት ነው፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚያይ ሰው ይረሳል። አሁን አንዳችን ካርድ ክፍል፣ አንዳችን ክትባት ማቀዝቀዣ ጋ ነን። በዘመቻው ላይ የተመደቡት አንዳንዶቹ ሥልጠናውን አልወሰዱም። ጥፋቱ የነሱ አይደለም።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት በመጨረሻው ዘመቻ ፖዘቲቭ የተባሉት ሴቶች ይፈለጉ። ስንት ነበሩ፣ ስንቱ ታከሙ፣ ስንቱ ጠፉ የሚለው በግልጽ ይነገር። መዝገቡ እናንተ ጋ ነው። በስልክ ያልተገኙትን ሰፈራቸው ድረስ ሄዶ የሚጠራ የጤና ሠራተኛ ይመደብ። ውጤታቸው ያልመጣላቸው የኤች ፒ ቪ ተመርማሪዎችም እንዲሁ ይነገራቸው፤ ናሙናው ጠፍቶ ከሆነ "ጠፍቷል፣ ድገሚ" ይባሉ።

ቋሚው ክፍል ይከፈት። በየቀኑ ባይሆን እንኳ በሳምንት በታወቁ ቀናት ይሥራ። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሴቶች በመድኃኒት ቀጠሯቸው ቀን እዚያው ይመርመሩ። ሕክምናው በዚያው ክፍል ይኑር። ጋዝ ማግኘት ካስቸገረ በባትሪ የሚሠራ የተርማል አብሌሽን መሣሪያ አለ፤ በእጅ ይያዛል፣ ሕክምናው ከትንሽ ደቂቃዎች አያልፍም። ከእንግዲህ ሕክምናው ባልተሟላበት ቦታ ዘመቻ አይጠራ።

ሪፈር የተጻፈላት ሴት የምትገናኘው ሰው ስምና የቀጠሮ ቀን ተይዞላት ትሂድ። መድረሷንና መታከሟን የሚያረጋግጥ ሰው ይኑር። ከታከመች ከዓመት በኋላም ተመልሳ እንድትታይ ትጠራ። የሪፖርቱ ቅጽ መመዘኛም ይቀየር። "ስንት ተመረመሩ" ከሚለው በፊት "ፖዘቲቭ ከሆኑት ስንቱ ታከሙ" የሚለው ይጠየቅ።

የክትባት ዕቅዱ ከትምህርት ቤት ውጪ ላሉ ልጃገረዶች የራሱ በጀትና ቀን ይያዝለት። ከክትባቱ ቀደም ብሎም ለወላጆች በአካል ማብራሪያ ይሰጥ። ለዚህ እኛን ብትጠሩን እንመጣለን።

ከዚህ ውስጥ የማይቻል የምትሉት ካለ የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ንገሩን። "ይታያል" የሚለውን መልስ ግን ከእንግዲህ እንደ መልስ አንቆጥረውም። የፖዘቲቮቹ ዝርዝር ቢለቀቅልን ስልክ የመደወሉን ሥራ በትርፍ ሰዓታችን እንጀምራለን፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣

በማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ክፍል ይሠሩ የነበሩ ነርሶችና አዋላጆች